የእሳት ወጪና ገቢ
በኬሚካዊ ለውጥ ጊዜ ስለሚሰጥና ስለሚወሰድ ሙቀት በደካ ላሉ መምህራንና የአገር ሽማግሌዎች የተዘጋጀ ንግግር



በደካ፣ እንደ ሌላውም የከፋ አገር ሁሉ፣ እንግዳ በገባ ጊዜ አስቀድሞ የሚቀርበው ቡና ነው። እመቤቲቱ ከሰሉን በማንደጃ ላይ ታቀጣጥላለች፤ ጥሬውን ቡና አጥባ በብረት ምጣድ ላይ ታደርገዋለች፤ ጀበናውንም ትጥዳለች። ይህን ሥራ ከልጅነቱ ጀምሮ ያላየ ሰው በዚህ አገር አይገኝም። ነገር ግን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ በኬሚስትሪ መጽሐፉ ስለ ሙቀት የሚማረው ነገር አብዛኛው በዚያች በአንዲት ማንደጃ ዙሪያ ተሰብስቦ ይገኛል፤ ሰውን በተኛበት የሚገድል ነገርም በዚያው ይገኛል። ይህ ንግግር ስለ ሁለቱም ነው።

ተማሪው ርእሱን በባዕድ ቋንቋ ሲያነብ ይፈራል። ሙቀት የሚሰጠው ለውጥ ኤግዞተርሚክ ይባላል፤ ሙቀት የሚወስደውም ኢንዶተርሚክ ይባላል። ቃሎቹ ከግሪክ የመጡ ናቸው፤ ፍቻቸውም ‹‹ሙቀት ወደ ውጭ›› እና ‹‹ሙቀት ወደ ውስጥ›› ከማለት በቀር ሌላ አይደለም። ፍቹን አስቀድሞ የሰማ ልጅ ቃሉን በኋላ ቢማረው አይከብደውም።

አስቀድሞ የሙቀትን መስፈሪያ ማወቅ ያስፈልጋል። መስፈሪያው ኪሎ ጁል ይባላል። አንድ ሊትር ውሃ በአንድ ዲግሪ ከፍ ብሎ ይሞቅ ዘንድ 4.2 ኪሎ ጁል ያህል ይፈልጋል። ቦንጋ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃዋ በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። እንግዲህ 20 ዲግሪ የነበረው አንድ ሊትር ውሃ እስኪፈላ ድረስ በ74 ዲግሪ ከፍ ማለት አለበት፤ 74 በ4.2 ቢባዛ 311 ኪሎ ጁል ያህል ይሆናል። ደኅና ሆኖ የደረቀ እንጨት አንዱ ግራም ሲነድ 16 ኪሎ ጁል ያህል ይሰጣል። ስለዚህ ሙቀቱ አንዳች ሳይባክን ሁሉ ወደ ውሃው ቢገባ ኖሮ 20 ግራም እንጨት፣ ማለት ውፍረቷ ጣት የምታህል አንዲት ስንዝር ስንጥር፣ በበቃች ነበር።

ነገር ግን በሦስት ጉልቻ ላይ በአንዲት ስንጥር ውሃ ያፈላች ሴት የለችም። ከእሳቱ ሙቀት ወደ ድስቱ የሚገባው ብዙ ጊዜ ከአሥር እጅ አንዱ፣ ወይም ከዚያ ጥቂት የሚበልጥ ነው፤ የቀረው ጉልቻውንና ግድግዳውን አሙቆ ከጢሱ ጋራ በጣራው ይወጣል። ስለዚህ 20 ግራም የነበረው 150 ወይም 200 ግራም ይሆናል። የባከነውንም ሸክም በጀርባዋ ከጫካ የምታመጣው እርስዋ ናት።

እንጨቱ እርጥብ ከሆነ ሂሳቡ ይከፋል፤ የሚከፋበት ምክንያት ግን ሰው እንደሚመስለው አይደለም። አዲስ ከተቆረጠ እንጨት ግማሹ ያህል ውሃ ነው እንበል። በአንድ ኪሎ ውስጥ ያለውን ግማሽ ኪሎ ውሃ አሙቆ እንፋሎት ለማድረግ 1,300 ኪሎ ጁል ያህል ይጠፋል፤ ደረቁ ግማሽ ኪሎ ደግሞ 9,000 ያህል ይሰጣል። ከሰባት እጅ አንዱ ጠፋ ማለት ነው። ጉዳቱ ይህ ብቻ ቢሆን በታገሡት ነበር። ዳሩ ግን እንፋሎቱ ነበልባሉን ያቀዘቅዘዋል፤ ከእንጨቱ የሚወጣው ተቀጣጣይ ጋዝም በቂ ግለት ስላላገኘ ሳይነድ ያመልጣል። ዐይን የሚያስለቅሰው ጢስ ሳይነድ ያመለጠ ማገዶ ነው።

አሁን ጥያቄው ሙቀቱ ከወዴት ይመጣል የሚለው ነው። ሽማግሌ ‹‹እሳት በእንጨት ውስጥ ተኝቶ ይኖራል›› ይላል። መምህርም አንዳንድ ጊዜ ‹‹ኀይሉ በኬሚካዊ ትስስሩ ውስጥ ታጭቆ ይኖራል፤ ትስስሩ ሲበጠስ ይለቀቃል›› ብሎ ያስተምራል። የሽማግሌው ቃል ምሳሌ ስለ ሆነ አይነቀፍም፤ የመምህሩ ቃል ግን ስሕተት ነው፤ በልጆችም አእምሮ ውስጥ ለብዙ ዘመን ይቀራል። ሁለት አቶሞች የተያያዙበትን ትስስር መበጠስ ምን ጊዜም ኀይል ያስከፍላል እንጂ አንዳች አይሰጥም። ኀይል የሚገኘው አዲስ ትስስር በተያያዘ ጊዜ ነው። ነገሩ እንደ ነጋዴ ሥራ ነው፤ አስቀድሞ ወጪ አለ፤ ኋላ ገቢ አለ፤ ገቢው ከወጪው ቢበልጥ ትርፉ ሙቀት ሆኖ ይወጣል፤ ወጪው ቢበልጥ ግን ጉድለቱ ከአካባቢው ሙቀት ተወስዶ ይሞላል፤ ዕቃውም ይቀዘቅዛል።

ይህ በቍጥር ሲታይ ይበልጥ ይገለጣል። 2 ግራም ሃይድሮጅን ከ16 ግራም ኦክሲጅን ጋራ ነድዶ 18 ግራም የውሃ እንፋሎት ይሆናል። የሃይድሮጅኑን ትስስር ለመበጠስ 436 ኪሎ ጁል ይወጣል፤ የኦክሲጅኑን ለመበጠስ 249 ይወጣል፤ ድምሩ 685 ነው። የውሃው ትስስሮች በተያያዙ ጊዜ 926 ኪሎ ጁል ይገባል። ከ926 ላይ 685 ቢነሣ 241 ይቀራል። እሳት ሆኖ የሚታየው ይህ ትርፍ ብቻ ነው። እንጨትም ሲነድ ሂሳቡ እጅግ ይረዝማል እንጂ ስልቱ አንድ ነው። ከዚህም የተነሣ ማገዶው እንጨቱ ብቻ እንዳልሆነ ይታወቃል፤ ትርፉ የሚገኘው እንጨቱና በአየር ያለው ኦክሲጅን ሲገናኙ ነውና። ቀጥቃጭ በወናፍ ሲነፋ ለእሳቱ የጎደለውን ግማሽ ማገዶ ያመጣለታል።

አንድ ብልህ ተማሪ ‹‹ትርፍ ካለው የቦንጋ ጫካ በኦክሲጅን መካከል ቆሞ ሳለ ስለ ምን በራሱ አይነድም?›› ብሎ ቢጠይቅ መልሱ ከዚያው ሂሳብ ይገኛል። ወጪው ይቀድማል። የመጀመሪያውን ትስስር የሚያላላ መነሻ ገንዘብ የሚያቀርብ ካልተገኘ ንግዱ አይጀመርም። ክብሪት ይህን መነሻ ይሰጣል፤ የክብሪቱ ራስ ላይ ኦክሲጅን አብዝቶ የያዘ ፖታሲየም ክሎሬት አለ፤ በሣጥኑ ጎን ላይ ቀይ ፎስፎረስ አለ፤ ሲፋተጉ በጥቂት ግለት ይቀጣጠላሉ። ከዚያ ወዲያ የነደደው ትርፍ ለሚቀጥለው መነሻ ይሆናል፤ እሳት የሚስፋፋውም በዚሁ ነው።

ወደ ማንደጃው እንመለስ፤ ዋናው ነገር ከዚያ አለና። ከሰል አብዛኛው ካርቦን ነው። 12 ግራም ካርቦን አየር ሳይጎድለው ፈጽሞ ሲነድ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል፤ 394 ኪሎ ጁልም ይሰጣል። አየር ቢያጥረው ግን በግማሽ መንገድ ይቆምና ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሆናል፤ በዚህ ጊዜ የሚሰጠው 111 ኪሎ ጁል ብቻ ነው። ይህ ሞኖክሳይድ ደግሞ ኋላ አየር አግኝቶ ቢነድ የቀረውን 283 ይሰጣል። 111 እና 283 ሲደመሩ 394 ናቸው። መንገዱ አንድ ቢሆን ሁለትም ቢሆን የሙቀቱ ድምር አልተለወጠም። ይህን ሕግ በጄኔቭ ተወልዶ በሩሲያ በሴንት ፒተርስበርግ ያስተምር የነበረው ዤርመን ሄስ የተባለ ሊቅ በ1840 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ገለጠው፤ እስከ ዛሬም በስሙ ይጠራል። ከሸለቆ ተነሥቶ ወደ ኮረብታ የወጣ ሰው በአቋራጭ ቢወጣ በዙሪያም ቢወጣ የከፍታው ልዩነት አንድ እንደ ሆነ ሁሉ ይህም እንዲሁ ነው።

በማንደጃው ውስጥ የሚሆነው እንዲህ ነው። አየር ከበታች ገብቶ የመጀመሪያውን ፍም ያነድደዋል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድም ይወጣል። ይህ ጋዝ ወደ ላይ ሲወጣ በላዩ የተከመረውን የጋለ ከሰል ያገኛል፤ ከእርሱም ጋራ ተዋሕዶ ሞኖክሳይድ ይሆናል። ይህኛው ለውጥ ሙቀት አይሰጥም፤ ይወስዳል እንጂ፤ ለ12 ግራም ካርቦን 172 ኪሎ ጁል ያህል ከፍሙ ይወስዳል። እንግዲህ በአንድ ማንደጃ ውስጥ ሙቀት ሰጪና ሙቀት ወሳጅ ለውጥ ተደራርበው ይኖራሉ። በፍሙ ራስ ላይ አንዳንድ ጊዜ የምትታየው ሰማያዊ ነበልባል የሞኖክሳይዱ መንደድ ናት። ነበልባሊቱ በማትታይበት ጊዜ ጋዙ ሳይነድ ወደ ቤቱ ይገባል።

የከፋ ሌሊት በዝናብ ወራት ይበርዳል። ስለዚህ ቡናው ከተጠጣ በኋላ የተረፈውን ፍም ወደ መኝታ ቤት አስገብቶ በሩን ዘግቶ መተኛት በብዙ ቦታ ይደረጋል። ‹‹ከሰሉ ቀልቷል፤ ጢሱም ጠፍቷል፤ ክፉው ወጥቶለታል›› የሚል ሰው አለ። ይህ አነጋገር ሰው አስጨርሷል። ጢሱ የጠፋው እንጨትነቱ ስላለቀ ነው፤ ሞኖክሳይዱ ግን ፍሙ ዐመድ እስኪሆን ድረስ ይወጣል። ሽታ የለውም፤ ቀለም የለውም፤ ጕሮሮ አይከረክርም። በደም ውስጥ ኦክሲጅንን የሚሸከመውን ቀዩን ነገር ከኦክሲጅን ይልቅ ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል፤ ስለዚህ ሰውየው እየተነፈሰ ሳለ ሰውነቱ አየር ያጣል። ምልክቱ ራስ ምታት፣ መፍዘዝ፣ ማቅለሽለሽ፣ የጕልበት መክዳት ነው፤ ተኝቶ ላለ ሰው ግን ምልክቱ አይደርስለትም። እንዲህ ያለ ሰው ከተገኘ ፈጥኖ ወደ ደጅ ማውጣት፣ ያለ መዘግየትም ወደ ጤና ጣቢያ ማድረስ ይገባል። ለገባ ሰው ውሃ ወይም ወተት ማጠጣት አንዳች አይረዳውም፤ የሚረዳው ንጹሕ አየርና የሐኪም ኦክሲጅን ነው። ፍም ያለበት ማንደጃ በተዘጋ ቤት ከሰው ጋራ አያድርም፤ ይህን ያህል ቃል ከሁሉ አስቀድሞ በክፍል ውስጥ ቢነገር ከሄስ ሕግ ይልቅ ይጠቅማል፤ ሕጉን የሚያውቅ ልጅ ግን ምክንያቱን ለእናቱ ማስረዳት ይችላል።

ከሰሉ ከወዴት እንደ መጣም ማሰብ ይገባል። እንጨት በአፈር ተሸፍኖ ሲከሰል ከ100 ኪሎ ደረቅ እንጨት የሚገኘው ከሰል ብዙ ጊዜ ከ15 እስከ 20 ኪሎ ነው። እንጨቱ ቢነድ 1,600,000 ኪሎ ጁል ይሰጥ ነበር፤ 20 ኪሎ ከሰል የሚሰጠው 580,000 ያህል ነው። ከሦስት እጅ ሁለቱ ያህል በጢስና በሙቀት መልክ ከጕድጓዱ ላይ ጠፍቷል። ሆኖም ከሰል ለመሸከም ይቀላል፤ አይጨስም፤ በከተማም ይፈለጋል፤ ከሳዩንም የሚያስከስለው ችግሩ ነው፤ እርሱን ብቻ መውቀስ ፍርድ አይደለም። ነገር ግን የከፋ ደን አረቢካ የሚባለው ቡና በዱርነቱ የሚበቅልበት ቦታ ነው፤ በ2002 ዓ.ም. ዩኔስኮ ከዓለም ጥብቅ የሕይወት ከባቢዎች አንዱ አድርጎ መዝግቦታል። አንዲት ማዳበሪያ ከሰል በገበያ ስትሸጥ ከሦስት እጅ ሁለቱ ያለ ዋጋ እንደ ነደደ ሂሳቡን የሚያውቅ ሰው ቢኖር መልካም ነው።

የሰው ሰውነትስ? ላቯዚዬና ላፕላስ የሚባሉ ሁለት የፈረንሳይ ሊቃውንት በ1782 እና በ1783 ክረምት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከጥንቸል የምታንስ ጊኒ ፒግ የምትባል እንስሳ በበረዶ በተከበበ ዕቃ ውስጥ አስቀመጡ፤ ከሰውነቷ ሙቀት የተነሣ የቀለጠውንም በረዶ መዘኑ። ደግሞ በዚያው ዕቃ ከሰል አነደዱ። ከትንፋሿ የወጣውን ጋዝና ከከሰሉ የወጣውን ጋዝ ከቀለጠው በረዶ ጋራ አስተያይተው ሁለቱ ተቀራራቢ ሆነው አገኟቸው። መተንፈስ ነበልባል የሌለው ዝግተኛ መንደድ መሆኑ በዚህ ታወቀ። (ላቯዚዬ በ1794 በአብዮቱ ዘመን አንገቱን ተቈረጠ፤ በረዶ የመዘነው ሰው በግብር ሰብሳቢነቱ ተከሰሰ።)

ማር የሚበላ ሰው በዚሁ ሥርዓት ይሞቃል። በማር ካሉት ስኳሮች አንዱ ግሉኮስ ነው፤ 180 ግራም ግሉኮስ ፈጽሞ ሲነድ፣ በሰውነትም ቢሆን በእሳትም ቢሆን፣ 2,803 ኪሎ ጁል ይሰጣል። ማሩ ጠጅ ሲሆን ግን እርሾው ከዚህ ውስጥ የሚለቀው ሙቀት 69 ኪሎ ጁል ያህል ብቻ ነው። የቀረው 2,734 በጠጁ አልኮል ውስጥ ነው፤ አረቄ በእሳት ሲነካ የሚነደውም ስለዚህ ነው። ያልደረቀ በቆሎ በጎተራ ሲከመር እጅ የሚያቃጥል ያህል መሞቁም ከዚህ ይቈጠራል፤ እህሉና ሻጋታው ይተነፍሳሉ፤ ሙቀቱ መውጫ ያጣል፤ የባለቤቱም ምግብ ሳይበላው ይነዳል።

ይህ ሁሉ ሲሰጥ የኖረ ኀይል አንድ ጊዜ መወሰድ ነበረበት። የወሰደው ቅጠል ነው። ቅጠል 264 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድና 108 ግራም ውሃ ወስዶ 180 ግራም ስኳርና 192 ግራም ኦክሲጅን ሲሠራ 2,803 ኪሎ ጁል ከፀሐይ ብርሃን ይወስዳል። ቍጥሩ ከላይኛው ጋራ አንድ መሆኑ በአጋጣሚ አይደለም። በዓለም ላይ ካሉት ኀይል ወሳጅ ለውጦች ሁሉ ታላቁ ይህ ነው፤ በደካ ጫካም ያለ አንዳች ድምፅ በየቀኑ ይደረጋል።

ቡናው በምጣድ ላይ ሲቈላ ደግሞ አስቀድሞ ሙቀት ይወስዳል፤ በጥሬው ፍሬ ውስጥ ያለው ውሃ እስኪወጣ ድረስ ቶሎ አይጠቁርም። ይህ መድረቅ ብቻ እንጂ ገና ኬሚካዊ ለውጥ አይደለም። በኋላ ስኳሩና ፕሮቲኑ ተዋሕደው ቡናማው ቀለምና ሽታው ይመጣሉ፤ ፍሬው ጠሽ ጠሽ ይላል፤ በመጨረሻም ከፍሬው ውስጥ ያሉ ለውጦች ራሳቸው ሙቀት መስጠት ይጀምራሉ። ባለሙያ ሴት ምጣዱን ቀለሙ ሳይሞላ የምታወጣው ስለዚህ ነው፤ ቡናው ከእሳት ወርዶም ጥቂት መጥቈሩን አይተውምና።

የቀጥቃጩም ነገር ከዚሁ ነው። የብረት ድንጋይ ኦክሲጅን የያዘ ብረት ነው፤ ኦክሲጅኑን ለማስጣል ብዙ ከሰልና ብዙ ሙቀት ይጠፋል። ማረሻው በዝናብ ሲዝግ 56 ግራሙ ብረት 412 ኪሎ ጁል ይመልሳል፤ ነገር ግን በብዙ ዓመት ስለሚመልሰው እጅ አይሰማውም። በብርድ አገር ሰዎች የብረት ዱቄት በከረጢት አድርገው በኪሳቸው ይይዛሉ፤ ዱቄት ስለ ሆነ በጥቂት ሰዓት ይዝጋል፤ እጅም ያሞቃል።

ለክፍል ትምህርት የላቦራቶሪ ዕቃ የሌለው መምህር በዚህ ሊጀምር ይችላል። በብርጭቆ ግማሽ ድረስ አቼቶ ያድርግ፤ ልጆቹ ብርጭቆውን በእጃቸው ይያዙ፤ ከዚያም አንድ የሾርባ ማንኪያ የዳቦ ሶዳ በጥቂት በጥቂቱ ይጨምር። አረፋው ሲነሣ ብርጭቆው ይቀዘቅዛል፤ ቴርሞሜትር ካለ መውረዱን ያሳያል። ብዙ ልጅ የሚፈላ ሁሉ ይሞቃል ብሎ ስለሚያስብ አስቀድሞ ምን እንደሚሆን ይጠየቅ። የዩሪያ ማዳበሪያም በውሃ ሲሟሟ እጅግ ይቀዘቅዛል፤ ይህኛው መሟሟት እንጂ አዲስ ነገር መፈጠር እንዳልሆነ ግን ይነገራቸው፤ ውሃውም አይቀመስ። ያልበረደ ኖራ በውሃ ሲነካ እስከ መፍላት ስለሚደርስና ዐይን ስለሚያጠፋ መምህሩ በቃል ይንገራቸው እንጂ ልጆች አይንኩት።